ዳንቴል በቡና ሰዓት



ይህ ዲስኩር ስለ ዳንቴል ነው። ቴሌቪዥን ላይ ስለሚደረበው፣ የሶፋ መደገፊያ ስለሚያለብሰው፣ ረከቦት ላይ ሲኒውን ከአቧራ ስለሚጠብቀው፣ ለሙሽራ አልጋ ስለሚዘጋጀው ነጭ የክር ሥራ። ስለ ቡና በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ብዙ ይባላል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ በሴቶች እጅ ላይ ስለነበረው ሥራ ግን በአደባባይ እምብዛም አይነገርም።

ቦንጋ የመጣ እንግዳ የሚጠይቀው ይታወቃል። ቡናው የጫካ ነው የጓሮ? ማሩስ ከየት የተቆረጠ ነው? ኮረሪማውስ? የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ፣ በከተማዋም የቡና ሙዚየም ከተሠራ ወዲህ፣ ደኑም ቡናውም ተናጋሪ አላጡም። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ እንግዳ ሲኒውን የሚያስቀምጥበትን የጠረጴዛ ልብስ ማን እንደሠራው፣ ሞዴሉ ከማን እንደተገኘ፣ ስንት ክረምት እንደፈጀ ሲጠይቅ አይሰማም። የቤቷ እመቤትም አትናገርም። ተጠይቃ ስለማታውቅ ሥራዋ ታሪክ ያለው አይመስላትም። ታሪክ ግን አለው፤ ያውም የአንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቿም ጭምር።

ዳንቴል ከባሕር ማዶ የመጣ ሙያ ነው። እኛ ዳንቴል የምንለው የኪሮሽ ሥራ አውሮፓ ውስጥ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው በሚስዮናውያንና በሴቶች ትምህርት ቤቶች በኩል ሳይሆን አይቀርም። በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኃላፊ ፈረንሳዊት ነበረች። በእሱም ከዚያ ወዲህ በተከፈቱትም ትምህርት ቤቶች ስፌት፣ ጥልፍና የቤት አያያዝ ለሴት ልጆች የሚሰጡ ትምህርቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ዳንቴልን በየከተማው ያዳረሰው ትምህርት ቤት አይደለም። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት የገባች ሴት ጥቂት ነበረች፤ ዳንቴል የምትሠራ ሴት ግን በየሰፈሩ ነበረች። በመሐከሉ ሌላ አስተማሪ ገብቷል። ያ አስተማሪ ጉርብትና ነው።

አዲስ ጀማሪ እንዴት እንደምትማር ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከባለሙያዋ ጎን ትቀመጣለች፤ ፊት ለፊት አትቀመጥም። ፊት ለፊት ከሆነች የእጁ አካሄድ ይገለበጥባታል። ክሩ በግራ እጇ ጠቋሚ ጣት ላይ ይዞራል፣ ትርፉ በትንሿ ጣት ይያዛል፤ በቀኝ እጇ ቀጭኗን የብረት ኪሮሽ ትይዛለች። መጀመሪያ የሚሰጣት ሰንሰለት ብቻ ነው። ክሩን በኪሮሹ ጫፍ መሳብ፣ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ፣ እንደገና መሳብ። ሰንሰለቱ አንድ ክንድ ሲሆን ባለሙያዋ ትቀበላትና በጣቷ ታሻሸዋለች። «አጥብቀሻል፣ ኪሮሹ አይገባም» ትላታለች። ወይም «እዚህ ጋ ላላ፣ እዚህ ጋ ጠበቀ፣ እጅሽ አንድ ይሁን» ትላታለች። ከዚያም የክሩን ጫፍ ይዛ ትስበዋለች። የአንድ ሰዓት ሥራ በአንድ ትንፋሽ ይተረተራል።

ጀማሪዋ ትደነግጣለች። ክሩ ግን አልተበላሸም፤ እጇ ላይ ተመልሷል።

ከዳንቴል ትምህርት ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ይመስላል። አንዴ በመቀስ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። አንዴ እሳት የገባ ሸክላም ተሰንጥቆ ቢወጣ መላ የለውም። ዳንቴል ግን እስከ ስህተቱ ድረስ ተተርትሮ እንደገና ይጀመራል፤ የሚባክነው ክር ሳይሆን ጊዜ ነው። ስለዚህ መሳሳት አያሳፍርም፣ ኪስም አይጎዳም። ጀማሪዋ ሥራዋን በሰው ፊት ማውጣት አትፈራም፤ የተሳሳተችውን የሚያይላት ሰው በሞላበት ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። አራት ዐይን ሁለት ዐይን ያላየውን ያያል። «ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ዘለሽ» የምትለው ብዙ ጊዜ ባለሙያዋ ሳትሆን ከጥግ የተቀመጠችው ጎረቤት ናት።

ቁጥሩም አለ። ክፍትና ድፍን ቤቶች እየተፈራረቁ ሥዕል የሚወጣበትን የዳንቴል ዓይነት እንውሰድ። እያንዳንዱ ቤት በሥር በኩል ሦስት ሰንሰለት ይፈልጋል፤ በመጨረሻ የመዝጊያው ቋሚ የሚቆምበት አንድ ሰንሰለት ይጨመራል። ወርዱ አርባ ቤት የሆነ የጠረጴዛ ልብስ የምትጀምር ሴት፣ ለመታጠፊያ የሚጨመረውን ሳትቆጥር፣ 121 ሰንሰለት መሥራት አለባት። አንድ ቢጎድልባት ወይም አንድ ቢበዛባት የመጨረሻው ቤት አይገጥምም። ወፉ፣ መስቀሉ ወይም አበባው በመሐል እንዲውል ከፈለገች ደግሞ ከግራና ከቀኝ የሚተወውን ክፍት ቤት አካፍላ ማወቅ አለባት። ቤቶቹን እየደፈኑ ፊደል መጻፍም ይቻላል፤ ስምም፣ የመልካም ምኞት ቃልም።

ይህን ስሌት የሚሠሩት ሁሉ ፊደል የቆጠሩ አልነበሩም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ዓ.ም ከተጀመረ በኋላ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ካፋ-ሞቻ ነበር፤ በዚያ ዘመቻ በዚህ አካባቢም ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ጨበጡ። ኪሮሽ የሚያውቁት ግን በሦስት ማባዛትንም፣ መሐልን ማግኘትንም ቀድመው በጣታቸው ይዘውታል። ይህን ማንም ሂሳብ ብሎ አልጠራላቸውም፤ ሂሳብ ነበር።

ሞዴል የሚተላለፍበት መንገድም እንዲሁ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ከባሕር ማዶ የሚታተሙት የዳንቴል መጽሔቶች ብዙ ሴቶች እጅ አይደርሱም፤ ቢደርሱም በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ማንበቢያው ራሱ ሥራው ነው። አንዲት ሴት ጎረቤት ቤት ቡና ልትጠጣ ገብታ አዲስ ሞዴል ካየች ጠርዙን አንስታ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፤ ቀዳዳውን ትቆጥራለች፤ አበባው ከመሐል ተነስቶ በስንት ቅጠል እንደሚሰፋ ታያለች። ካልገባት «አውሺኝ» ትላለች። ባለቤቷ ትሰጣታለች። ቤቷ ወስዳ መዳፍ የምታህል ናሙና ትሠራለች፣ ዋናውን ትመልሳለች፤ ናሙናው ለሚቀጥለው ሰው መማሪያ ሆኖ ይቀመጣል። አንዷ ስትገለብጥ ጠርዙን ትቀይራለች፤ ሌላዋ ክር ስላነሳት ከሁለት ዙር አንዱን ትተዋለች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ሞዴል በአምስት ቤት በአምስት መልክ ይገኛል፤ የማን ነው ቢባል የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው።

በደርግ ዘመን በየእስር ቤቱ የነበሩ ወንዶች ሳይቀሩ ሹራብና ኪሮሽ ከእስረኛ ጓደኞቻቸው ተምረው ይሠሩ እንደነበር ያሳለፉት ይናገራሉ። ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠ፣ ጊዜ ካለና ክር ካለ፣ ይህ ሙያ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል።

ካፋ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን መቀመጫው ቡናው ነው። ቡና በዚህ አገር ለብቻ አይጠጣም። አንዱ ቤት ሲወቀጥ ድምፁን የሰማ ጎረቤት ይጠበቃል፣ ያልመጣ ይጠራል። ከመቁላቱ እስከ በረካው ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ቡና የምታፈላዋ እጇ አይፈታም፤ ከምጣዱ ወደ ሙቀጫው፣ ከሙቀጫው ወደ ጀበናው ትላለች። የሌሎቹ እጅ ግን ባዶ ነው። አፋቸው ወሬ ይዟል፣ ጆሮአቸው ያዳምጣል፣ እጃቸው ኪሮሽ ይዟል። የካፋ ዝናብ ወራቱ ብዙ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደጅ የማይወጣበት ቀን ይበዛል። በዚያ ሰዓት አንዷ የታመመ ልጇን፣ ሌላዋ የዕቁቧን ተራ፣ ሌላዋ የዕድሩን ስብሰባ ስታወራ ሰንሰለቱ ይረዝማል። ምክር የሚሰጠውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያው ነው። ስለዚህ ዳንቴልን ከዚህ ስብሰባ ለይቶ እንደ ዕቃ ብቻ መመልከት ግማሹን መጣል ነው። ሐረርም ልጃገረዶች ስፌት ይማሩ የነበረው ተሰብስበው እየሠሩ ነው፤ በሰሜኑ አገርም የሞሰብ ስፌት የብዙ ሴቶች የጋራ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። አገሩ ሴቶች ሲማሩ የሚሰበሰቡበት አገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በካፋ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ሸክላ ሥራ፣ ቆዳ ማልፋት፣ ብረት መቀጥቀጥና ሽመና ለረጅም ዘመን በዘር የተያዙ ሙያዎች ነበሩ። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ከሌላ ቤት የመጣ አይማረውም። ይባስ ብሎ ባለሙያው ይናቃል፤ ሸክላውን የሚገዛው ሰው ሠሪዋን ወደ ቤቱ አያስገባም። በካፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን የደረሰባቸው መገለል ደግሞ ከሙያም አልፎ ማዕድ እስከ መለየት የደረሰ ነው። ይህ በደል ነው፤ በስሙ መጠራት አለበት።

ዳንቴል ወደዚህ ማኅበረሰብ ሲገባ የማንም ጎሳ ሙያ ሆኖ አልገባም። ሠሪ ተብሎ የሚለይ ዘር አልነበረውም፤ የሚናቅበትም የሚኮራበትም የትውልድ ሐረግ አልነበረውም። የመምህሩ ሚስት፣ የነጋዴዋ ልጅ፣ የገበሬው እህት፣ የውሽውሽ ሻይ ለቃሚዋ አንድ ዓይነት ኪሮሽ ይይዛሉ። «እጇ የተባረከ ነው» የሚባለው ስለ ሥራዋ እንጂ ስለ ወገኗ አይደለም። ሙያ ያለ ዘር ሊተላለፍ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሳሎናችን ውስጥ ተነጥፏል። ይህ በር ለሁሉም እኩል ተከፍቶ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ወደ ቡናው ያልተጠራች ሴት ወደ ኪሮሹም አልተጠራችም። የተገለሉት ወገኖች ልጆች ከዚህ ክበብ ውጭ የቀሩት ኪሮሹ ከብዷቸው አይደለም፤ ማንም ኑ ስላላላቸው ነው።

ሙያ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ የሌላውም ዓለም ታሪክ ያሳያል። አየርላንድ በ1845 እ.ኤ.አ. በጀመረው የድንች መቅሰፍት ስትራብ ኪሮሽ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ። ክሎንስ በምትባለው ከተማ የአንድ ቄስ ባለቤት የነበረች ካሳንድራ ሃንድ በ1847 እ.ኤ.አ. ለድሆች ሴቶች ሥራውን አስጀመረች፤ ዝናውም ተስፋፋ። ነገር ግን ሥራው ለገበያ ስለነበረ ቤተሰቦች የየራሳቸውን የአበባ ሞዴል ደብቀው ይይዙ ጀመር፤ እንግዳ ሲመጣ ሥራው ይሸፈናል። አይፈረድባቸውም፤ የያዙት የልጆቻቸውን ምግብ ነው። ለደስታና ለቤት ማሳመሪያ የሚሠራ ሰው ግን የሚደብቀው ነገር የለውም፤ እንዲያውም ሞዴሉ ሲወሰድለት ይኮራል። የቦንጋ እናቶች ያለ ክፍያ ያስተማሩት ለዚህ ነው። ዳንቴልን ወደ ገበያ እናውጣ የሚል ሰው፣ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ይህን ልግስና እንዳያጠፋው መጠንቀቅ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ታሪክ ግን የቡራኖ ነው። ቡራኖ በጣሊያን ከቬኒስ አጠገብ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ደሴት ናት። በመርፌ የሚሠራ ዳንቴሏ በነገሥታት ቤት ሲፈለግ ኖሮ በ19ኛው መቶ ዘመን ሊጠፋ ደረሰ። በ1872 እ.ኤ.አ. ብርዱ ጠንቶ ባሕሩ በረዶ ሲሆን ደሴቲቱ ተራበች፤ የሚረዷትም ሰዎች የጥንቱ ሙያ ቢመለስ ሕዝቡን ይመግባል ብለው አሰቡ። ሲፈልጉ ሙያውን በሙሉ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ተገኘች። ቼንቻ ስካርፓሪዮላ ይሏታል፤ ዕድሜዋ ሰባ ያለፈ አሮጊት። እሷም መሥራት እንጂ ማስተማር አትችልም ነበር። ጣቷ ያውቃል፣ አፏ መግለጽ አይችልም። መፍትሔው አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት፣ አና ቤሎሪዮ ዴስቴ፣ ከጎኗ ተቀምጣ እጇን ብቻ እያየች እንድትማር ሆነ። መምህርቷ ለጥቂት ልጃገረዶች አስተማረች፤ ከእነሱ የቡራኖ የዳንቴል ትምህርት ቤት ተነሣ። የብዙ መቶ ዓመታት ሙያ በአንዲት አሮጊት ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። አንድ ክረምት ቢዘገዩ፣ አሮጊቷ ሙያውን ይዛው ትሄድ ነበር።

መኪና ያድነዋል የሚል ካለ እንዲህ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ሂትኮት በ1808 እ.ኤ.አ. የመረብ ጨርቅ የሚሠራ መኪና ባለቤትነቱን ካስመዘገበ ወዲህ ብዙ ዓይነት ዳንቴል በፋብሪካ ይመረታል፤ በእጅ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ሴቶችም ከሥራ ወጥተዋል። የኪሮሽ ሥራን ግን እስከ ዛሬ በትክክል የሚሠራ የፋብሪካ መኪና የለም። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ኪሮሽ መሳይ ጨርቅ የመኪና ሹራብ ነው፤ ጫፉ ቢጎተት አካሄዱ ይለያል። እውነተኛው የኪሮሽ ዳንቴል የትም አገር ይሠራ፣ በሰው እጅ አልፏል። እናቶቻችን የሠሩት ሁሉ አንድ በአንድ የተሳበ ነው።

ቦንጋ በአርአያነት ልትመለከታት የሚገባት ከተማ ኢድሪያ ናት። ኢድሪያ በስሎቬኒያ ተራራ መሐል ያለች፣ በሜርኩሪ ማዕድን ስሟ የታወቀ ትንሽ ከተማ ናት። የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶች በትራስ ላይ ክር የተጠመጠመባቸውን ትንንሽ እንጨቶች እያፈራረቁ ዳንቴል ይሠሩ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. የዳንቴል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው ውጭ በፈቃዳቸው ይማሩበታል፤ ከተማዋም በየዓመቱ የዳንቴል በዓል ታከብራለች። በ2018 እ.ኤ.አ. የስሎቬኒያ የዳንቴል ሥራ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ክሮኤሺያ በ2009፣ ፈረንሳይ የአላንሶንን ዳንቴል በ2010 እ.ኤ.አ. አስመዝግበዋል። አገራችን እስከ 2016 ዓ.ም ያስመዘገበቻቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ የገዳ ሥርዓት፣ ጥምቀትና ሹዋሊድ ናቸው፤ ሁሉም በዓላትና ሥርዓቶች ናቸው። በመካከላቸው አንድም የእጅ ሙያ የለም። ይህ ሲባል የቦንጋ ዳንቴል ነገ ዩኔስኮ ይግባ ለማለት አይደለም። ኢድሪያን ለመዝገብ ያበቃት የዳንቴሏ ጥንታዊነት ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው፤ ማስተማሩን ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስላላቋረጠች ጭምር ነው።

በእኛ ዘንድ መቋረጡ ተጀምሯል። ክር ከመርካቶ ተጭኖ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲደርስ ዋጋው ይወደዳል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ስታርች አይፈልግም፣ መተኮስ አይፈልግም። አዲሱ ቴሌቪዥን ቀጭን ስለሆነ ዳንቴል የሚነጠፍበት ጀርባ የለውም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ሞዴል ባረጀ ቁጥር ሴቶች አዲስ ሲፈጥሩ ኖረዋል። ዋናው ምክንያት ስብሰባው መመናመኑ ነው። ቡና እየተጠጣ እጅ ስልክ ይዟል። ልጆች ከሰዓት በኋላ ቤት የሉም፤ ሲመጡም ጥናት አላቸው። አያት ታውቃለች፣ እናት ጀምራ ትታዋለች፣ ልጅ ኪሮሹን አይታም አታውቅ ይሆናል።

በሌላ በኩል ቦንጋ ዛሬ የድሮዋ ቦንጋ አይደለችም። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም የተደረገውን ሕዝበ ውሳኔ ተከትሎ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከተማችን ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። ከካፋ ጋር ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አንድ ክልል ሆኑ። ከእነዚህ ሁሉ አካባቢዎች ሠራተኞች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ቦንጋ መጥተዋል። እያንዳንዷ ሴት የእናቷን ሰፈር ሞዴል ይዛ መጥታለች። በሌላ ዘመን ለመሰብሰብ የማይቻል ናሙና በአንድ ከተማ ውስጥ አለ። የጎደለው መሰብሰቢያው ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ከባድ አይደለም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጀበና። የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ፣ ዩኒቨርሲቲው ወይም አንድ ትምህርት ቤት ክፍሉን ቢሰጥ ሌላው ይመጣል። ክሩን በዕቁብ መግዛት ይቻላል፤ ይህን ለቦንጋ ሴቶች ማስተማር አያስፈልግም። አስተማሪዎቹ ደመወዝ አይፈልጉም፤ አክብሮት ይፈልጋሉ። ወንድ ልጅም ቢመጣ ይማር። በተለይ ግን የማንጆና የሌሎች የተገለሉ ወገኖች ልጃገረዶች እንዲመጡ በስማቸው ይጠሩ፤ «በሩ ክፍት ነው» ብሎ መቀመጥ አይበቃም። በሩ ሲዘጋባቸው የኖሩ ሰዎች ጥሪ ሳይሰሙ አይገቡም። አንድ ማዕድ ላይ ያልተቀመጡ ሰዎች በአንድ ክር መጀመር ይችላሉ፤ ቡናውም አብሮ ይጠጣል።

ከዚህ ሳምንታዊ ክበብ ጋር የናሙና መዝገብ መጀመር አለበት። ከየቤቱ መዳፍ የምታህል ናሙና፣ አጠገቡ የሠሪዋ ስም፣ የተማረችበት ሰው፣ ሞዴሉን ያገኘችበት ሰፈር፣ ዓመተ ምሕረቱ፤ በአማርኛም በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖም። የቡና ሙዚየሙ ለዚህ ቦታ ቢሰጥ ከዓላማው አይወጣም። ጀበናውና ሲኒው የቡና ታሪክ ከሆኑ ረከቦቱን የሸፈነው ዳንቴልም የቡና ታሪክ ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ለማቆየትም ጥንቃቄ አለ፤ ይህ ለካፋ እርጥበት በተለይ ይሠራል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዳንቴል ስታርች አይደረግበት፤ ስታርች ተባይ ይጠራል። በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ፈጽሞ ይድረቅ። በፌስታል አይታሸግ፤ ይሻግታል። ታጥፎም አይቀመጥ፤ እጥፋቱ ላይ ክሩ ይበጠሳል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በየጊዜው እየተከፈተ ንፋስ ያግኝ።

እንግዲህ አድማጮች ሆይ፣ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ካለው ሁሉ የቆየውን ዳንቴል አውጡና የሠራችው በሕይወት ካለች ከጎኗ ተቀመጡ። ከማን እንደተማረች፣ ሞዴሉን ማን እንዳዋሳት ጠይቋትና ስሙን በወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያም ኪሮሽና ክር ስጧት፤ ሰንሰለቱን ለልጃችሁ ታሳያት።